አልቀበልም ማለት የማይቻልበት ምርጫ፦ የማይንዝ ሪፐብሊክ (1792–1793) የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በራይን ወንዝ ምዕራብ ዳርቻ የምትገኘው የጀርመን ከተማ ማይንዝ ከኦክቶበር 1792 እስከ ጁላይ 1793 ባሉት ዘጠኝ ወራት ብዙ ነገር ሆናለች። በመጀመሪያ የሊቀ ጳጳስ መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያ በፈረንሳይ ጦር ተያዘች፤ የነፃ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ሆነች፤ ከፈረንሳይ ጋር እንድትቀላቀል ተወሰነ፤ ተከበበች፤ በመጨረሻም ወደ ቀድሞ ገዢዋ ተመለሰች። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ የሂደቱ ግልጽነት ነው። በገዛ ፈቃዳችሁ ምረጡ ተብሎ የተጀመረ ነገር፣ በአራት ወር ውስጥ ማላችሁ ምረጡ፣ አለዚያ ከተማውን ልቀቁ ወደሚል ትእዛዝ እንዴት እንደተለወጠ በቀንና በወር ተመዝግቦ ስለሚገኝ፣ አንባቢው ስሕተቱ የት ላይ እንደገባ ራሱ ሊከታተል ይችላል። በከተማዋ ውስጥ የተሳተፉትን ሰዎች በስማቸው ሳይሆን በሥራቸውና በኃላፊነታቸው እጠራቸዋለሁ፤ የማየው የአንድን ሰው ጀግንነት ወይም ጥፋት ሳይሆን አሠራሩን ነውና።

የከተማዋ መነሻ ሁኔታ

ማይንዝ በዚያ ዘመን ከ20 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚኖርባት፣ በግንብ የታጠረች የምሽግ ከተማ ነበረች። ገዢዋ ሊቀ ጳጳስም ልዑልም ነበር፤ የጀርመን አገሮችን ያቀፈችውን የቅድስት ሮማ ግዛት ንጉሠ ነገሥት ከሚመርጡት ጥቂት መሳፍንት አንዱ ሲሆን፣ የግዛቱ ሊቀ ቻንስለር የሚለውም ማዕረግ የእርሱ ነበር። ከተማዋ ከስፋቷ የበለጠ ክብር ያገኘችው ከዚህ የተነሳ ነው፤ እንጀራዋም ከዚሁ ክብር ጋር የተያያዘ ነበር። ቤተ መንግሥቱ፣ ከባላባት ቤት የሚመጡት የካቴድራሉ ካህናትና በከተማው ትልልቅ ቤቶች የሠሩት ባላባቶች ሠረገላ ያሠራሉ፣ ልብስ ያሰፋሉ፣ ዊግ ያስበጥራሉ፣ ወይን ይገዛሉ፣ አሽከርና ገረድ ይቀጥራሉ። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሰፊው፣ አናጢውና ዊግ ሠሪው በእጅ ባለሙያዎች ማኅበር ታቅፈው፣ ማን ሱቅ መክፈት እንደሚችልና ማን እንደማይችል በራሳቸው ደንብ እየወሰኑ ይኖሩ ነበር። ባላባቱን ላይወዱት ይችላሉ፤ ደንበኛቸው ግን እርሱ ነው።

ሊቀ ጳጳሱ ደግሞ ኋላ ቀር ከሚባሉት ገዢዎች አልነበረም። በ1781 ሦስት ገዳማት እንዲዘጉ አድርጎ ገቢያቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጠ፤ በ1784ም ዩኒቨርሲቲው በአዲስ ሥርዓት ተደራጀ። ካቶሊክ ያልሆኑ ምሁራንም ተቀጠሩ። ከእነዚህ አንዱ፣ በ17 ዓመቱ ከአባቱ ጋር በካፒቴን ኩክ ሁለተኛ የዓለም ዙሪያ ጉዞ ላይ የተሳተፈ የተፈጥሮ ተመራማሪ፣ በ1788 የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆነ። የሕክምና፣ የሒሳብና የፍልስፍና መምህራኑ አዲሱን የአውሮፓ ሐሳብ ያነባሉ፣ ያስተምራሉ፣ በንባብ ማኅበራትም ይወያያሉ። በኋላ የልዑሉን መንግሥት ለማፍረስ ግንባር ቀደም የሆኑት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ደመወዛቸው ከልዑሉ ካዝና ሲከፈላቸው የቆየ ነበር።

ከማይንዙ አብዮት በፊት የታየ አንድ ምልክት አለ። በሴፕቴምበር 1790 በማይንዝ የእጅ ባለሙያዎች ዐመፅ ተነሣ። መነሻው ከተማሪዎች ጋር የተፈጠረ ጠብ ቢሆንም፣ ውሎ ሳያድር ማኅበራቱ በልዑሉ አስተዳደር የተነጠቁትን የቆየ መብት ይመለስልን ወደሚል ጥያቄ ተሸጋገረ፤ በመጨረሻም በወታደር ኃይል ጸጥ ተደረገ። ይህን ክስተት በኋላ የመጡት አብዮተኞች በጥሞና ቢያጤኑት ኖሮ ብዙ ይጠቅማቸው ነበር ብዬ አምናለሁ። የባለሙያው ቁጣ እውነተኛ ነበር፤ የሚፈልገው ግን የድሮው የማኅበር መብት እንዲመለስለት እንጂ ማንም ሰው እንደፈለገ ሱቅ እንዲከፍት አልነበረም። አንድ ሰው በገዢው ተቆጣ ማለት የገዢው ጠላት የያዘውን ፕሮግራም ተቀበለ ማለት አይደለም።

የፈረንሳይ ጦር መግባት

በጁላይ 1792 አዲሱ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ሁለተኛ በፍራንክፈርት ዘውድ ከጫነ በኋላ፣ መሳፍንቱ ማይንዝ ላይ ተሰብስበው በአብዮታዊቷ ፈረንሳይ ላይ ስለሚደረገው ዘመቻ ተማከሩ። ከፈረንሳይ የሸሹ ባላባቶችም ከተማዋን ሞልተዋት ነበር። ሁሉም ጦርነቱ በጥቂት ሳምንታት እንደሚያልቅ ያስብ ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን ግን የኃያሏ የጀርመን መንግሥት የፕሩሲያ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ቫልሚ በተባለ ቦታ ተገታ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። የፈረንሳይ ጦር በስተደቡብ በኩል ወደ ራይን ዘልቆ ሽፓየርንና ቮርምስን ያዘ። የማይንዙ ልዑል በኦክቶበር መጀመሪያ ከተማውን ለቆ ወጣ፤ ባላባቱና ከፍተኛው ካህን ተከተሉት። ምሽጉን የሚጠብቅ በቂ ወታደር አልነበረም፤ ኦክቶበር 21 ቀን ከተማዋ ያለ ውጊያ እጅ ሰጠች። የእጅ መስጠቱን ድርድር ካካሄዱት መኮንኖች አንዱ ብዙም ሳይቆይ ወደ ፈረንሳይ ጦር ገባ፤ ይህም ከተማዋ በክህደት ተሸጠች የሚል ወሬ ለዓመታት እንዲነገር ምክንያት ሆኗል።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 23፣ ሃያ ያህል ሰዎች በሸሸው ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሰብስበው የነፃነትና የእኩልነት ወዳጆች ማኅበርን መሠረቱ። በታሪክ የሚታወቀው፣ በፓሪሶቹ አብዮተኞች በጃኮቢኖች ስም፣ የማይንዝ የጃኮቢን ክበብ በመባል ነው። የአባላቱ ቁጥር በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 500 ተጠጋ። ፕሮፌሰሮች፣ ተማሪዎች፣ የቀድሞው መንግሥት ሠራተኞች፣ ጥቂት ካህናት፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ነበሩበት። ሴቶች ስብሰባውን መከታተል ይችሉ ነበር፤ አባል መሆን ግን አልተፈቀደላቸውም።

መፍትሔ የሚፈልገው ችግር

የፈረንሳዩ ጄኔራል፣ እርሱ ራሱ ባላባት የሆነ ሰው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ለሕዝቡ አዋጅ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ዕጣችሁን የሚወስነው ያልተገደደ ፈቃዳችሁ ነው፤ ከነፃነት ይልቅ ባርነትን ብትመርጡ እንኳ፣ ሰንሰለቱን የሚመልስላችሁ የትኛው ገዢ እንደሆነ የምትወስኑት እናንተው ናችሁ። ንግግሩ ስላቅ ቢኖርበትም ቃል ኪዳን ነበር። አስቸጋሪው ነገር ሕዝቡ ይህን ቃል እንዳለ ወስዶ መልስ መስጠቱ ነው።

የንግድ ማኅበሩ ተወካይ የሆነ አንድ ነጋዴ በኖቬምበር ወር ውስጥ የራሱን ረቂቅ አቀረበ። ልዑሉ ይመለስ፤ ነገር ግን ሥልጣኑ በሕግ ይገደብ፣ የባላባቱና የካህኑ ልዩ መብት ይቀነስ፣ የከተማው ነዋሪ በእንደራሴዎቹ አማካይነት ድምፅ ይኑረው የሚል ነበር። ከእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት አብዛኞቹ ደገፉት። ክበቡ ግን ረቂቁን የፈሪ ሰው ሐሳብ አድርጎ አየው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ጥያቄው ጥርት ብሎ ወጣ፦ ሕዝቡ ተጠይቆ የመለሰው መልስ ጠያቂው የፈለገው መልስ ካልሆነ ምን ይደረጋል?

ሌሎች ሁለት ችግሮችም በዚሁ ላይ ተደረቡ። አንደኛው የኑሮ ጉዳይ ነው፤ ባላባቱና ቤተ መንግሥቱ ሲሄዱ የእጅ ባለሙያው ገበያ አብሮ ሄደ፤ በእርሱ ፋንታ የመጣው ማደሪያ፣ መኖና እህል የሚጠይቅ ጦር ነበር። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ዲሴምበር 2 ቀን የፕሩሲያና የሄሰን ወታደሮች ፍራንክፈርትን ከፈረንሳዮች መልሰው ያዙ። ማይንዝ ከፍራንክፈርት የግማሽ ቀን የፈረስ መንገድ ናት። በዚያው ወር ንጉሠ ነገሥቱ ከፈረንሳዮች ጋር መተባበርን የሚከለክል ትእዛዝ አወጣ። ዛሬ ስሙን በአደባባይ የሚያስመዘግብ ሰው፣ ነገ ልዑሉ ቢመለስ መዝገቡ በማን እጅ እንደሚገባ ማሰቡ አይቀርም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ የማስተማርና የማሳመን ዘመቻ ነበር። ክበቡ ስብሰባውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያካሂድ ነበር። ጋዜጦች ታተሙ፤ ስለ ግብር፣ ስለ አሥራትና ስለ ፍርድ ቤት በቀላል ቋንቋ የተጻፉ ትንንሽ ጽሑፎች ተሰራጩ። ኖቬምበር 3 ቀን የአብዮቱ ምልክት የሆነው የነፃነት ዛፍ በአደባባይ ተተከለ። የክበቡ መልእክተኞችም ወደ ገጠር ወጥተው ገበሬውን በራሱ አነጋገር አነጋገሩት። ኖቬምበር 19 ላይ ጄኔራሉ ጊዜያዊ አስተዳደር አቋቋመ፤ የቀድሞ ካህንና የፍልስፍና መምህር የነበረ ሰው ሊቀ መንበር፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደግሞ ምክትል ሆነ።

በዚሁ ወር ከታዩት ነገሮች አንዱን ጠጋ ብሎ መመልከት ይገባል። በጄኔራሉ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ አንድ የቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር፣ ነዋሪው ስሙን እየመጣ የሚጽፍባቸው ሁለት መዝገቦች እንዲቀርቡ ሐሳብ አመጣ። አንደኛው የነፃነት መዝገብ ነው፤ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ያማረ። ሁለተኛው የባርነት መዝገብ ነው፤ በጥቁር ወረቀት የተሸፈነ፣ በሰንሰለት የተጠመጠመ። ነዋሪው ከሁለቱ በአንዱ ላይ እንዲፈርም ተጋበዘ። ሐሳቡን ያመጣው ሰው ይህን ለሕዝብ ፈቃድ የተሰጠ ክብር አድርጎ ሳያየው አልቀረም። እኔ ሳየው ግን ገና በኖቬምበር ወር የኋለኛውን ውድቀት በትንሹ የሚያሳይ ነገር ነው። ሦስተኛ መዝገብ የለም። ገደብ ያለበት ልዑል የሚፈልገው ነጋዴ፣ የማኅበር መብቱ የሚያሳስበው አናጢ፣ ጦርነቱ ወዴት እንደሚያጋድል አይቼ ልወስን የሚል አባወራ የሚፈርሙበት ገጽ የለም። ሰንሰለት በታሰረበት መዝገብ ላይ፣ ወታደር በሚጠብቀው ከተማ ውስጥ፣ ስሙን የሚጽፍ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ቀዩ መዝገብ ላይ የሰፈረው ፊርማም የማንንም ልብ አያሳይም።

ሁለተኛው ደረጃ የመጣው ከፓሪስ ነው። የፈረንሳይ ምክር ቤት የሆነው የፓሪሱ ብሔራዊ ኮንቬንሽን በኖቬምበር 19 አዋጁ ነፃነታቸውን ለማስመለስ ለሚፈልጉ ሕዝቦች ሁሉ ወንድማማችነትና እርዳታ አቅርቦ ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን የወጣው አዋጅ ግን ቃናው ሌላ ነው። ጦሩ በያዘው አገር ሁሉ አሥራት፣ የጭሰኛ ግብርና የመሳፍንት ልዩ መብት ተሽሯል፤ የቀድሞው አስተዳደር ፈርሷል፤ ሕዝቡ አዲስ አስተዳደር ይመርጣል፤ ነፃነትንና እኩልነትን አልቀበልም ያለ ሕዝብ ደግሞ እንደ ጠላት ይቆጠራል። የጦሩ ወጪ የሚሸፈንበት መንገድም በዚሁ ውስጥ ነበረ። በ1793 መጀመሪያ ከፓሪስ የመጡ ኮሚሳሮች (የመንግሥት መልእክተኞች) አዋጁን በማይንዝ ተግባራዊ ለማድረግ ተነሡ። በጃንዋሪ 21 የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 16ኛ አንገቱ መቆረጡ ደግሞ በመካከል የቆመውን የማይንዝ ነዋሪ ይበልጥ አስደነገጠው።

ሦስተኛው ደረጃ መሐላ ነው። ዕድሜያቸው 21 ዓመት የሞላ፣ በሌላ ሰው ቤት በአገልጋይነት የማይኖሩ ወንዶች መምረጥ ይችላሉ ተባለ፤ ነገር ግን ከመምረጣቸው በፊት ለሕዝብና ለነፃነትና እኩልነት መርሖዎች ታማኝ እንደሚሆኑ መማል አለባቸው። መሐላው የቀድሞውን ገዢና ልዩ መብቶችን መካድን ይጨምር ነበር። ማኅበራቱ፣ የቀድሞ ሠራተኞችና ካህናቱ በብዛት እምቢ አሉ። አልምልም ያሉት እየተያዙ በራይን ማዶ ወደ ጠላት መስመር ይባረሩ ጀመር፤ ንብረታቸውም ይወረስ ነበር። ምርጫው የተጀመረው ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1793 ነው። በማይንዝ ከተማ ድምፅ የሰጠው መምረጥ ከሚችለው ውስጥ ከአሥር አንድ እንኳ አልሞላም።

አራተኛው ደረጃ ሪፐብሊኩ ራሱ ነው። ማርች 17 ቀን ከ130 ገደማ ከተሞችና መንደሮች የተመረጡ እንደራሴዎች ያሉበት የራይን-ጀርመን ብሔራዊ ኮንቬንሽን በማይንዝ ዶይችሃውስ በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ስብሰባውን ከፈተ። በማግስቱ፣ ማርች 18፣ ከላንዳው እስከ ቢንገን ያለው፣ እንደራሴዎቹን የላከው አገር ሁሉ ነፃ፣ ራሱን የቻለና የማይከፋፈል መንግሥት እንደሆነ፣ ብቸኛው ሕጋዊ ሉዓላዊ ባለሥልጣን ነፃው ሕዝብ እንደሆነ፣ ከጀርመን ንጉሠ ነገሥትና ከግዛቱ ጋር የነበረው ማሰሪያ ሁሉ እንደተቆረጠ አወጀ። የተሻሩት መሳፍንት በዝርዝር ተጠቀሱ፤ መብታቸውን በኃይል ለማስመለስ የሚሞክርም ሞት ተፈረደበት። አዋጁን የጉባኤው ሊቀ መንበር፣ የፍልስፍና ፕሮፌሰሩ፣ ከሕንፃው ሰገነት ለሕዝቡ አነበበ።

ነፃነቱ የቆየው ግን ሦስት ቀን ነው። ማርች 21 ጉባኤው ከፈረንሳይ ጋር ለመቀላቀል ወሰነ። ይህን ብዙ ሰዎች እንደ ቀልድ ያነሡታል፤ እኔ ግን ከውሳኔዎቹ ሁሉ ምክንያቱ በጣም ግልጽ የሆነው ይህ ይመስለኛል። ራሱን የሚከላከልበት ጦር የሌለው፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ የሆነ፣ ከወንዙ ማዶ የፕሩሲያ መድፍ የተጠመደበት አገር ብቻውን ሊቆም አይችልም። ሦስት ልዑካን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ አንድ ነጋዴና በፍልስፍና ዶክተርነት የተመረቀ አንድ ገበሬ፣ ወደ ፓሪስ ተላኩ። ጥያቄያቸው ማርች 30 ቀን ተቀባይነት አገኘ። በዚያው ሳምንት የፕሩሲያ ጦር ራይንን ተሻግሮ ነበር፤ ልዑካኑም ወደ ከተማቸው መመለስ አልቻሉም።

ምን ሠራ

በገጠሩ ዘንድ የተሠራው ሥራ ፍሬ ነበረው። ገበሬው ለጌታ የሚከፍለው አሥራትና የግዳጅ ሥራ ሲቀርለት የሚያገኘውን ጥቅም ያለ ብዙ ስብከት ያውቀዋል። ሐሳባቸውን ሲጠየቁ በፈቃዳቸው የደገፉ መንደሮች የተገኙትም ገና መሐላው ሳይመጣ፣ በዲሴምበር ወር ነው። ክበቡ በከተማው ውስጥ ያልሆነለትን ነገር በአንዳንድ መንደሮች ያገኘው፣ ከሐሳቡ በፊት ጥቅሙ የሚዳሰስበት ቦታ ስለሄደ ነው።

ሁለተኛው የሠራ ነገር የሕዝብ ክርክር ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ስለ ልዑሉ አስተዳደር በሹክሹክታ የሚነጋገሩ ሰዎች በቤተ መንግሥቱ አዳራሽ ቆመው ስለ ፍርድ፣ ስለ ግብርና ስለ ሃይማኖት ነፃነት ተከራከሩ። የሰገነቱን አዋጅ በኋላ ያነበበው ፕሮፌሰር በክበቡ ውስጥ የራሱን ወገን አስተዳዳሪዎችና የፈረንሳይ ጦርን አሠራር ጭምር በግልጽ ተችቷል፤ ይህም ጄኔራሉን ክፉኛ አስቆጣው። ክርክሩ በእርግጥ ሰዎችን ከሁለት ከፍሏል፤ ሆኖም በዚያች ከተማ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነበር። ጉባኤውም ቢሆን፣ ምርጫው እንዲያ ጉድለት ኖሮበት፣ በጀርመን ምድር በዘመናዊ ምርጫ የተቋቋመ የመጀመሪያው ምክር ቤት ተደርጎ ይጠቀሳል፤ የተሰበሰበበት ዶይችሃውስ ዛሬ የራይንላንድ-ፋልስ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት መቀመጫ ነው።

ምን አልሠራም

ከተማው ውስጥ መሐላው ነገሩን ሁሉ አበላሸው። መሐላ ለዚያ ዘመን ሰው የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎች ለልዑሉ ቀድመው የማሉ ናቸው። የመሐላቸውን መፍረስ ከንጉሠ ነገሥቱ ቅጣት፣ ከገበያቸው መጥፋትና ከካህናቸው ተግሣጽ ጋር ደምረው ሲመዝኑት፣ በአዲሱ ሥርዓት በኩል የሚቀመጥ ተመጣጣኝ ነገር አላገኙም። ኮሚሳሮቹ ግን እምቢታውን የመሳፍንት ሴራ አድርገው ተረጎሙት። እምቢ ያለው ሁሉ ጠላት ሲሆን ማባረሩ የግድ ሆነ፤ ሰው ሲባረር የቀረው ፈራ፤ የፈራው ከምርጫ ቀረ፤ መራጭ ሲያንስ ደግሞ ሪፐብሊኩ ይበልጥ በጦሩ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ማይንዝን ከያዘው ጦር ጋር የነበረው ግንኙነትም አልተበጀም። ጄኔራሉ በፍራንክፈርት ላይ የሁለት ሚሊዮን ጉልደን ክፍያ ጥሎ ነበር፤ የጎረቤት ከተማ ዜና ደግሞ ከማንኛውም ጋዜጣ ይቀድማል። የክበቡ ተናጋሪዎች ስለ ወንድማማችነት ሲናገሩ አድማጩ በቤቱ ያሳረፈውን ወታደርና የተወሰደበትን መኖ ያስባል። በመካከል የቆሙት፣ የነጋዴውን ረቂቅ የደገፉት ሰዎች፣ ከሁለት ያጡ ሆኑ፤ ልዑሉ አመፀኞች ይላቸዋል፣ ኮሚሳሩ ደግሞ ባሮች ይላቸዋል። እነዚህ ሰዎች ገደብ ያለበትን ሥርዓት ለመቀበል ዝግጁ ስለነበሩ፣ አዲሱ አስተዳደር በመጀመሪያው ወር ሊያግባባቸው ሲችል በአራተኛው ወር ያባረራቸው ዋነኛ የጠፋ ሀብቱ ይመስሉኛል።

ከበባውና ፍጻሜው

ኤፕሪል 14 ቀን 1793 የፕሩሲያና የተባባሪዎቿ ጦር ከተማዋን ዙሪያዋን ዘጋ። በውስጥ 20 ሺህ ያህል የፈረንሳይ ወታደር ነበረ። ገንዘብ ስላለቀ፣ በዙሪያቸው የማይንዝ ከበባ ገንዘብ የሚል የፈረንሳይኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የአንድ፣ የሁለትና የአምስት ሶል ሳንቲሞች በከተማው ተመቱ። ሳንቲሞቹ ላይ 1793 የሚል ዓመት ይነበባል፤ የገንዘብ ሰብሳቢዎች ዛሬም ይፈልጓቸዋል።

ጁን 18 አካባቢ የመድፍ ድብደባው በከባዱ ተጀመረ። በወሩ መጨረሻ ካቴድራሉ በእሳት ተያያዘ፤ አጠገቡ የነበረው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ክፉኛ ተጎዳና ኋላ ላይ ፈርሶ ቀረ። ምግብ ሲያልቅ የፈረስ ሥጋ ተበላ። የምሽጉ አዛዦች የሚበላውን አፍ ለመቀነስ ሲሉ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ያሉበትን ሕዝብ ከበር አስወጡ፤ ከባቢው ጦር ደግሞ አላሳልፍም አለ። ሰዎቹ በሁለቱ ጦሮች መካከል፣ በሜዳ ላይ ቀሩ። የወይማሩን መስፍን ተከትሎ በከባቢው ጦር ሰፈር የነበረው ደራሲ ጎተ ከተማዋ ስትቃጠል ከውጭ ተመልክቷል።

ጁላይ 23 ቀን ምሽጉ እጅ ሰጠ። በውሉ መሠረት የፈረንሳይ ወታደሮች ለአንድ ዓመት ከተባባሪዎቹ ጋር ላይዋጉ ቃል ገብተው መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጡ፤ ፓሪስም ወዲያው በምዕራብ ፈረንሳይ ወደ ቫንዴ የእርስ በርስ ጦርነት ላከቻቸው። የክበቡን አባላት ስለ መጠበቅ በውሉ ውስጥ አስተማማኝ ነገር አልገባም። ከወታደሩ ሰልፍ ጋር ተደባልቀው ያመለጡ ነበሩ፤ ሌሎቹን ሕዝቡ በመንገድ ላይ እየለየ ደበደባቸው፣ ቤታቸው ተዘረፈ፣ ብዙዎችም ታሰሩ። ፓሪስ ከቀሩት ልዑካን ገበሬው በኖቬምበር 1793 በጊዮቲን አንገቱ ተቆረጠ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በጃንዋሪ 1794 በሕመም ሞተ። ማይንዝን የያዘው ጄኔራልም ቢሆን ቀደም ብሎ በኦገስት 1793 ፓሪስ ውስጥ አንገቱ ተቆርጧል።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግሉ ትምህርቶች

ሕዝብን ከመጠየቅ በፊት ያልተፈለገው መልስ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ጠያቂው መወሰን አለበት። በማይንዝ የኦክቶበሩ አዋጅ ማንኛውንም መልስ እቀበላለሁ አለ፤ የዲሴምበሩ አዋጅ አንዱን መልስ ብቻ ተቀበለ። ጄኔራሉ በመጀመሪያ ምንም ባይጠይቅና ከተማዋን በጦር ሕግ ቢያስተዳድር ኖሮ፣ የሚጠላ ቢሆንም የሚታመን አስተዳደር ይሆን ነበር። ጠይቆ መሻሩ ግን ጠላትነትን ብቻ ሳይሆን አለመታመንንም ጨመረበት።

የጥቅሙ ቅደም ተከተልም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። በገጠር መጀመሪያ ግብሩ ሲቀር፣ ድጋፉ ተከተለ። በከተማ መጀመሪያ መሐላው ተጠየቀ፣ ጥቅሙ ወደፊት የሚመጣ ተስፋ ነበር፤ እስከዚያው ድረስ የሚታየው የደንበኛ መጥፋት ነው። የአንድ ከተማ ኑሮ ሊወገድ በታሰበው ሥርዓት ላይ የቆመ ከሆነ፣ የሚተካው ገበያ ከየት እንደሚመጣ ያልመለሰ ዕቅድ ከእጅ ባለሙያው ድጋፍን መጠበቅ የለበትም። ፕሮፌሰሮቹ ይህን ለማየት የተቸገሩት፣ እነርሱም ደመወዝተኞች ስለነበሩና ደንበኛ ጠብቀው የማያውቁ ስለሆኑ ይመስለኛል።

የምርጫው መዝገብ ቅርጽ ራሱ ውጤቱን ይወስናል። ሁለት መዝገብ ብቻ ሲቀርብ፣ በመካከል ያለው ሰው ወደ አንዱ ጫፍ አይሄድም፤ ቤቱ ይቀመጣል። በፌብሩዋሪ ከቤታቸው ያልወጡት ከአሥር ዘጠኝ የሚበልጡት ነዋሪዎች ሁሉ የልዑሉ ወዳጆች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ከሦስት ወር በፊት የነጋዴውን ረቂቅ የደገፉ ማኅበራት አባላት ናቸው። ድምፅ አለመስጠታቸውን እንደ ተቃውሞ ቆጥሮ ማባረር፣ ሊደራደር የሚችለውን ወገን በእጅ ማጥፋት ነው።

የውጭ ኃይል የሚደግፈው ማንኛውም አስተዳደር የሚወጣበትን ቀን ስምምነት ሲፈራረም፣ የአገሬው ተባባሪዎች ዕጣ በጽሑፍ መግባቱን ማረጋገጥ ከሁሉ በፊት የሚመጣ ሥራ ነው። ወታደሮቹ በውል ወጡ፤ በክበቡ መዝገብ ላይ ስማቸውን የጻፉት ሰዎች ግን እንደ ኮኒግሽታይን ባሉ ምሽጎች ታስረው ቆዩ፣ ከፊሎቹም እስከ 1795 ድረስ፣ ፈረንሳይ በያዘቻቸው ታጋቾች እስኪለወጡ ጠበቁ። ፈረንሳዮች በ1797 መጨረሻ ዳግመኛ ገብተው ማይንዝን ለአሥራ ስድስት ዓመታት ያህል ሲያስተዳድሩ፣ ከእነዚህ ሰዎች በርካቶቹ በአዲሱ ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ያዙ። በዚያ ጊዜ ከተማዋ የምትተዳደረው ከፓሪስ በሚሾም የአውራጃ ሹም ነበር፤ እንደ 1793ቱ ያለ ኮንቬንሽንም አልተጠራም።